ሦስት መቶ ቅጂ ለማን? “የክፍለ ሀገር መጽሔት ይብቃ” ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጓደኞቼ አንድ ጽሑፍ እየተቀባበሉ ሲያነቡ ሰነበቱ። ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊው አዲስ አበባ የሚኖሩ ናቸው። የጻፉት ከአዲስ አበባ ውጭ ስለሚዘጋጁ አነስተኛ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ መጽሔቶች ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ሁለትና ሦስት መቶ ቅጂ ማሳተም ለማንም አይደርስም። ግጥምና አጭር ልብ ወለድ ዛሬ በቴሌግራም በነፃ ይነበባል። እነዚህ መጽሔቶች ጓደኛሞች የሚሞጋገሱባቸው ናቸው። ሕትመታቸው ደካማ ነው፤ ለጸሐፊ አይከፍሉም፤ ሁለት እትም ወጥተው ይቀራሉ። ጎጃምን ደግሞ በስም ጠርተው “የቃልና የቅኔ አገር ነው፤ መጽሔት ምን ያደርግለታል” ብለዋል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። አማርኛ አስተምራለሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ባለ 48 ገጽ መጽሔት እናዘጋጃለን። አንዷ ነርስ ናት። ሌላው ኮምፒውተር ቤት አለው። እስካሁን አምስት እትም አውጥተናል። ጽሑፉን መጀመሪያ ሳነበው ከፋኝ። አሳድሬ ደግሜ አነበብኩት። አንዳንዱ ነገር እውነት ነው፤ እሱን እቀበላለሁ። የማልስማማበት ግን ይበዛል።

ከቅጂው ቁጥር ልጀምር። አዎ፣ የምናሳትመው 300 ነው። ጸሐፊው አንድ ቅጂን አንድ አንባቢ ብለው ነው የቆጠሩት። እኛ ጋ መጽሔት እንደዚያ አይነበብም። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ባዶ መስመሮች እንተዋለን። ከመስመሮቹ በላይ “አንብበው ሲጨርሱ ስምዎን ይጻፉና ለሌላ ሰው ይስጡ” ይላል። የሦስተኛው እትም አንድ ቅጂ ከቢቸና ዞሮ ዞሮ እጃችን ገባ። አንድ መምህር ነው ይዞት የመጣው። ሽፋኑ ተቀድዶ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለብጧል። ሽቦው ወልቆ መሐሉ በነጭ ክር ተሰፍቷል። መስመሮቹ ሞልተው ስሞቹ ወደ ኅዳጉ ወጥተዋል። 19 ስም ቆጠርኩ። ከአንደኛው ስም አጠገብ በእስክሪብቶ “ገጽ 31 ላይ ያለችው ሴትዮ ልጇን አገኘችው ወይ?” ተብሎ ተጽፏል። ታሪኩ ሳይፈታ የሚያልቅ ነበር። ለደራሲው ደውዬ ጥያቄውን አነበብኩለት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ “ማን ነው የጠየቀው?” አለኝ። ስሙን ነገርኩት። የማያውቀው ሰው ነበር።

የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ “አእምሮ” በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር በእጅ ነበር የሚጻፈው። የሚሠራጨውም 24 ቅጂ ያህል ነበር። ዛሬ ያንን ጋዜጣ ከታሪክ የሚያወጣው ሰው የለም። ከዚያ አንጻር የእኛ 300 ብዙ ነው። ከእጃችን ወጥቶም ሩቅ ይሄዳል። ማለዳ መናኸሪያ ወርደን ለምናውቀው ሹፌር ወይም ረዳት በከረጢት እንሰጣለን። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር ላይ የሚቀበል ሰው አለን። አንዱ ፀጉር ቤት ያስቀምጠዋል። አንዷ ጤና ጣቢያ፣ ተራ የሚጠብቁ እናቶች አጠገብ። የሚበልጠው ግን የሚሄደው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። አንድ መምህር ወደደው ማለት አንድ ክፍል ተማሪ ሰማው ማለት ነው።

ወደ ቴሌግራም ልለፍ። ከጽሑፉ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ክፍል ነው፤ ረዘም አድርጌ ልናገር። ቴሌግራምን አልጠላም። ጽሑፍ የምንቀበለውም በእሱ ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥብን ግን “በነፃ ይነበባል” የተባለው ሁሉ አብሮ ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ የተነበበው ወረቀት ነው። ይህን ለሚዛን ያህል አነሣሁት እንጂ ዋናው ምክንያቴ ሌላ ነው። ቴሌግራም ለጀማሪ አንባቢ ይሰጠዋል። አርታኢ አይሰጠውም። ልጁ ሌሊት ጽፎ ይለጥፋል። ጠዋት ሲነሣ አርባ ልብና ሃያ ጭብጨባ ያገኛል። ሦስተኛው ስንኝ እንደሚያነክስ የሚነግረው ሰው ግን የለም። በማግስቱ ሌላ ይጽፋል። እሱም ያነክሳል።

አንዲት የደምበጫ ልጅ ሰባት ገጽ ታሪክ ላከችልን። መጀመሪያ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ጎህ ይቀዳል። ወፎች ይንጫጫሉ። ጀምበር በተራራው ጫፍ ብቅ ትላለች። ሁለተኛው ገጽ አጋማሽ ላይ ስደርስ እንዲህ የሚል አገኘሁ። “እናቴ የምጣዱን ክዳን ገጥማ ወጣች። እንጀራው ሲያር ሸተተኝ። አልተነሣሁም።” ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። እርሳስ አንሥቼ ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ ከበብኩና ኅዳጉ ላይ “እዚህ ጀምሪ” ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቅዳሜ ራሷ መጣች። ተቆጥታ ነበር።

“መምህር፣ ያጠፉት እኮ በጣም የደከምኩበትን ነው” አለችኝ።

“አውቃለሁ። ያስታውቃል” አልኳት። “እናትሽ ቤት ውስጥ የምጣዱን ክዳን ምን ብለው ነው የሚጠሩት?”

“አክንባሎ።”

“ታዲያ ለምን ‘ክዳን’ አልሽው?”

ትንሽ አሰበች። “መጽሔት ላይ ይወጣል ብዬ ነዋ” አለች።

ያች መልስ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ልጅቱ ሲነበብ ያምራል ብላ የእናቷን ቃል አወጣች። የማንንም ያልሆነ ጀምበር ደግሞ አስገባች። ይህን የሚያሳያት ሰው ያስፈልጋት ነበር። የሚያሳያትም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ወረቀቱ መሐላቸው ሆኖ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ ታሪኩ አምስት ገጽ ሆኖ በአራተኛው እትም ወጣ። “እናቴ አክንባሎውን ገጥማ ወጣች” ብሎ ይጀምራል። አሁን የምትልክልን ጽሑፍ ላይ እርሳሴ ብዙም አይሠራም።

ይህን አሠራር እኛ አልፈጠርነውም። ጎጃም ላይ ከማተሚያ መሣሪያ በፊት የነበረ ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ ብቻውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ገደል አፋፍ ይወጣል። እዚያ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ይደርሳል። ማታ መጥቶ ለአስነጋሪው፣ ማለትም የኔታን ለሚያግዘው ከፍ ያለ ተማሪ፣ ወይም ለራሳቸው ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ። ቤቱ (ስንኙ) ከጎደለ ይመልሱታል፤ ምሥጢሩ ከላላ ያጠብቁለታል። ተማሪው ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ወደሚባሉት የቅኔ ዓይነቶች ያልፋል። መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ ለመድረስ ብዙ ምሽት መታረም አለበት። ማንም በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይቀኝም። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ጎንጅና ዋሸራ በመላ አገሪቱ የታወቁት በዚህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳይርቁ ተወልደው ልብ ወለድ ከመጻፋቸው በፊት በቅኔ ቤት ያለፉ ሰው ናቸው። ጸሐፊው “የቅኔ አገር መጽሔት አያስፈልገውም” ሲሉ የቅኔ ቤቱን ዜማና ክብር አይተዋል። እርማቱን አላዩም። እኔ መጽሔታችንን የማየው የዚያች የማታ ነገራ ታናሽ እኅት አድርጌ ነው።

“ጓደኛሞች የሚሞጋገሱበት” ለሚለው፣ የመጀመሪያው እትማችን እንደዚያ ነበር። ከ14 ሥራዎች 9ኙ የእኛና የቅርብ ሰዎቻችን ነበሩ። አሁን ሳየው ያሳፍረኛል። ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ኮምፒውተር ቤት ያለው ጓደኛችን ከጽሑፎቹ ላይ የጸሐፊዎቹን ስም ይሰርዝና ቁጥር ይሰጣቸዋል። እኔና ነርሷ ቁጥሩን ብቻ እያየን ለየብቻ እናነባለን። ከዚያ ተገናኝተን እንከራከራለን። የራሳችንም ጽሑፍ በቁጥር ነው የሚገባው። የእኔ ሁለት ግጥሞች ወድቀዋል። አንደኛውን የጣለችው ነርሷ ናት፤ “ይሄ ሰው የሚያውቀውን ሳይሆን የሰማውን ነው የጻፈው” ብላ። ልክ ነበረች። ለወደቀ ጽሑፍ ሁሉ ቢያንስ ግማሽ ገጽ ምክንያት ጽፈን እንልካለን። ከሥራችን ሁሉ ጊዜ የሚበላው ይኼ ነው። አንዳንድ ሰው ይቀየመናል። አንዳንዱ ደግሞ በወሩ አስተካክሎ ይልካል።

አሁን ወደ “የቃል አገር” ልመለስ። ጎጃም የቃል አገር መሆኑ ለመጽሔት የሚያስፈልግ ምክንያት ነው እንጂ የሚከለክል አይደለም። ቅኔ ተደግሞ አይባልም። በማኅሌት ላይ የተሰማ ቅኔ በማግስቱ ሌላ ነው። ያን ሌሊት የሰማ ሰው ካልያዘው ይጠፋል። ቃል ግጥምም እንደዚያው ነው። በምሥራቅ ጎጃም ያለችው የየትኖራ ገበሬዎች በደርግ ጊዜ የነበረውን የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘመን በግጥማቸው እንዴት እንደታዘቡት ዛሬ ማወቅ የምንችለው ጌቴ ገላዬ የተባሉ ተመራማሪ መንደሩ ድረስ ሄደው ስለሰበሰቡትና ስላጠኑት ነው። እሳቸው ባይሄዱ ኖሮ ግጥሙ ከተናጋሪዎቹ ጋር ባለቀ ነበር።

እኛ በየእትሙ ለቃል ግጥም አራት ገጽ እንሰጣለን። የወንፈል ዘፈን፣ የሠርግ፣ ቀረርቶ፣ ሙሾ። አያቴ ሰፈር ሙሾ በማውረድ የታወቁ አንዲት እናት ነበሩ። ልቅሶ ሲኖር ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ሰው ይላክባቸው ነበር። ስልክ ይዘን ሄደን ትንሽ ቀረጽናቸው። ደክሟቸው ስለነበር “በሌላ ቀን ኑ፣ ልጆቼ” አሉን። እንመለሳለን እያልን ወር አለፈ። በኋላ የሰማነው የራሳቸውን መርዶ ነው። በእጃችን የቀረው ስድስት ስንኝ ነው። ሁለቱ እነዚህ ናቸው።

በሩን አትዝጉበት እንግዳ ይመጣል፣
ጌታው እንደሞተ እሱ በምን ያውቃል።

ለአንድ እንግዳ ተቀባይ ጎረቤታቸው ያወረዱት ነው። ሦስተኛው እትም ላይ ከስማቸው ጋር አወጣነው። ልጃቸው አምስት ቅጂ ገዝቶ ለዘመድ አደለ። ያልተመለስንበት ያ ወር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ሰው ሲጠቁመን በዚያው ሳምንት እንሄዳለን።

የሕትመት ደካማነትን በተመለከተ፣ ጸሐፊው ያነሡት ነገር አለ፤ ግን ከየት እንደሚመጣ አልነገሩም። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ማተሚያ ቤት በኦፍሴት ማሽን ሲያትም መጀመሪያ ፕሌት፣ ማለትም የገጹ ምስል የሚያርፍበት ስስ ሰሌዳ፣ ይሠራል። የፕሌቱ ዋጋ አንድ ቅጂ ታተመ አሥር ሺህ ያው ነው። ስለዚህ ብዙ ለሚያሳትም ሰው ዋጋው ይረክሳል፤ 300 ለሚያሳትም ይከብዳል። ሽፋኑ በሙሉ ቀለም ይሁን ካሉ ደግሞ አራት ፕሌት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን እትም አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ሰጥተን ሦስት ወር ጠበቅን። ለመስከረም ያልነው ለገና ደረሰ። ሲደርስ ደግሞ “ቋ”፣ “ኟ” እና “ጓ” ባሉበት ሁሉ ባዶ ሳጥን ወጥቷል። ሰውየው ፊደሉን በአሮጌ ሶፍትዌር ነው የከፈተው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት እንዲያነቡ በሚያደርገው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይሁን እንጂ በድሮው የፊደል አሠራር የሚተይብ ሰው ዛሬም አለ። ጽሑፉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘባርቆ ይመጣል። አሁን ማንም ሲልክልን በዩኒኮድ እንዲሆን እንጠይቃለን። ካልቻለ በእጁ ጽፎ ፎቶ ያንሣልን። እኛ እንተይባለን።

ከዚያ ወዲህ በራሳችን እጅ ነው የምንሠራው። ሒሳቡ ይኸውላችሁ። አንድ ኤፎር ሉህ ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል። የውስጡ 44 ገጽ 11 ሉህ ነው። ለ300 ቅጂ 3,300 ሉህ፤ ሪሙ 500 ስለሆነ ወደ ሰባት ሪም ነው። ሽፋኑ ወፍራም ወረቀት ሆኖ ለብቻው ይታተማል። ገጹ ሁልጊዜ ለአራት መካፈል አለበት። ግጥሙ ወደ 45ኛው ገጽ ከፈሰሰ ወይ ይጠባል፣ ወይ ሌላ ሦስት ገጽ እንፈልጋለን። በአንድ ሉህ በአንድ ፊት ላይ ጎን ለጎን የሚያርፉት ሁለት ገጾች ሲደመሩ 45 መምጣት አለባቸው። 1 ከ44፣ 2 ከ43፣ እንዲህ እያለ መሐል ላይ 22 ከ23 ይገናኛል። ሁለተኛው እትም ላይ ይህን እያወቅን አንዱን ሉህ ገልብጠን አተምነው። 60 ቅጂ ላይ ገጽ 22 እና 23 ተዘቅዝቀው ወጡ። ያወቅነው ከሰፋን በኋላ ነው። መብራትም ሄደ። ሦስታችን መሬት ላይ ተቀምጠን በሻማ ብርሃን ሽቦውን በቢላ እየፈታን፣ ሉሁን እያወጣን፣ አዲሱን እያስገባን አነጋን። የነርሷ ጣት ተቆርጦ በራሷ ፋሻ አሰረችው። ጠዋት ሥራ ገባች።

ቀለምን በተመለከተ ሠዓሊዎቻችንን በጥቁር ብቻ ሥሩልን አልናቸው። ሽፋኑ ላይ ቀይ እንጨምራለን። ብራና የሚጽፉ አባቶቻችን በእነዚሁ በሁለቱ ነው የሠሩት። ጽሑፉ በጥቁር፣ አርእስቱና የቅዱሳን ስም በቀይ። አንድ ወጣት ሠዓሊ መጀመሪያ ቅር አለው። የዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ፣ ሸራው ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ያደገ ልጅ ነው። ቀለም ይወዳል። “በጥቁር ብቻ ምን እሠራለሁ?” አለኝ። በኋላ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ በጥቁር መስመር ብቻ ሠርቶ ላከ። ውኃውን ነጭ ወረቀት አድርጎ ተወው። የአራተኛው እትም ሽፋን እሱ ነው። እስካሁን ካወጣነው የምወደው ሽፋን ነው።

የፊደል ስሕተት እንዳለብን ግን አልክድም። የመጀመሪያው እትም ላይ “ሠዓሊ” ለማለት “ሰአሊ” ብለን አተምን። አንድ መሪጌታ መጽሔቱን ይዘው መጡ። ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው “ልጄ፣ ይህ ሰው ይሥላል ወይስ ይለምናል?” አሉኝ። ልክ ናቸው። “ሰአሊ ለነ” ስንል ለምኝልን ማለታችን ነው። በ“ሠ” እና በ“ዐ” ሲሆን ነው ሥዕል የሚሆነው። ከዚያ ወዲህ የፊደል መመሪያ አዘጋጅተን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። እሳቸውም ሕትመት ከመግባቱ በፊት ያነቡልናል። ስለዚህ ለጸሐፊው የምለው፣ ስሕተቱን ስለጠቆሙን አመሰግናለሁ። ስሕተት ያለበት መጽሔት ይታረማል እንጂ “ይብቃ” አይባልም።

“ሁለት እትም ወጥተው ይቀራሉ” ስለተባለው ብዙ አልልም። እኛ አምስተኛው ላይ ነን። መንገድ ሲዘጋ አንዱ ሁለት ወር ዘገየ እንጂ ወጣ። በሁለት እትም የቀሩትም ቢሆኑ በሁለቱ እትም ውስጥ የወጣው ግጥም አለ። ያንን ማንም አይሰርዘውም።

የመጨረሻው ክፍያ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። ሰው ደክሞ ጽፎ ባዶ እጁን መመለስ የለበትም። እኛ ለጸሐፊ ሦስት ሦስት ቅጂ እንሰጣለን። ገንዘብ አንከፍልም። ከአራተኛው እትም ጀምሮ ለሽፋን ሠዓሊው ትንሽ እንከፍላለን፤ ቀለምና ወረቀት በገንዘቡ ስለሚገዛ። ይህ በቂ አይደለም። ግን ጸሐፊው “ብዝበዛ” ብለውታል፤ በዚህ ቃል አልስማማም። ብዝበዛ አንዱ ሲደክም ሌላው ሲያተርፍ ነው። የእያንዳንዱን እትም ገቢና ወጪ በሚቀጥለው እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ እናትማለን። ከሽያጭ የመጣው፣ ከሁለት ሱቆችና ከአንድ ፀጉር ቤት ማስታወቂያ የመጣው፣ ከኪሳችን የጨመርነው ሁሉ እዚያ አለ። ያየ ሰው ማን እንዳተረፈ ያውቃል።

ገበሬ ወንፈል ሲገባ ዛሬ የአንተን ያርማል፣ ነገ አንተ የእሱን ታርማለህ። ብር አይነሣም፤ ግን ዕዳው ይቆጠራል። እኛም እንደዚያ እንቆጥራለን። ጽሑፉ የታተመለት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የአንድ ጀማሪ ጽሑፍ አንብቦ አስተያየት ይጽፋል። የደምበጫዋ ልጅ ባለፈው እትም የሁለት ልጆችን ታሪክ አንብባለች። አንደኛው ወረቀት ኅዳግ ላይ በእርሳስ “ቤታችሁ ውስጥ ይህን ምን ትሉታላችሁ?” ብላ ጽፋለች።

የመብቱ ጉዳይም ግልጽ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው የጸሐፊው ነው። ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። እኛ የምንጠይቀው አንድ ጊዜ ለማተም ፈቃድ ብቻ ነው። ነገ መጽሐፍ ቢያደርገው፣ ፊልም ቢሸጠው የእሱ ነው። ይህን በአንድ ገጽ ወረቀት እንፈራረማለን። አንዳንዱ ጀማሪ ፊርማ ሲባል ይደነግጣል፤ ቁጭ ብለን እያነበብን እናስረዳዋለን።

የሚቀጥለው ግባችን ለጸሐፊ መክፈል ነው። ከነርሷ ጋር በዚህ ተከራክረናል። እሷ ገጽ እንጨምር ትላለች፤ ብዙ ጽሑፍ ወረፋ ይዟል። እኔ መጀመሪያ እንክፈል እላለሁ። ኮምፒውተር ቤት ያለው ጓደኛችን ከእኔ ጋር ቆሟል። ስለዚህ ከሰባተኛው እትም ጀምሮ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ሥራ በቴሌብር እንልካለን። መጠኑን የመጨረሻው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።

ስድስተኛው እትም እየተዘጋጀ ነው። የጽሑፍ መቀበያው ኅዳር 30 ያበቃል። ጸሐፊው ተቃውሟቸውን አስፍተው ቢልኩልን ገጽ እንሰጣቸዋለን። ስማቸው ተሰርዞ በቁጥር ይገባል፤ እንደማንኛችንም በእርሳስ ይነበባል። ደብረ ማርቆስ ከመጡ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ ነን። ወረቀት እያጠፍን እናወራለን።